ጀርመን በ992 ዩሮ ወሩን እንዴት ነው የምታዳርሱት?

ሚሚ_ላይፕዚግ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ባለፈው ጥቅምት ነው ማስተርስ ልጀምር ላይፕዚግ የገባሁት። ብሎክድ አካውንቴ፣ ማለትም ለቪዛ ብለን የዓመቱን ወጪ ቀድመን ያስገባንበት ዝግ ሂሳብ፣ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቅልኛል፣ አገር ቤት ሆኜ በብር ሳሰላው ብዙ መስሎኝ ነበር፣ እዚህ ግን ወሩ 20 ሳይሞላ ካርዴ ባዶ ነው። ኪራይ ለብቻዬ የያዝኳት ስቱዲዮ 420፣ ኢንሹራንስ ከ140 በላይ፣ ስልክ ኢንተርኔት ምናምን ሲባል አለቀ። ቡና ውጪ መጠጣት ካቆምኩ ቆየሁ፣ ልብስ አልገዛሁም፣ ምሳዬንም ዳቦ በማርማላታ ቀብቼ ይዤ ነው የምሄደው። ያቺን 11,904 ዩሮ ለመሙላት እነ እማዬ ምን ያህል እንደተቸገሩ ስለማውቅ ጨምሩልኝ የምልበት አንደበት የለኝም። አንድ ልጅ ደግሞ ኢንሹራንሱን ወደ ፕራይቬት ቀይሪው በጣም ይቀንስልሻል አለኝ፣ ልቀይር እንዴ? እባካችሁ ያለፋችሁበት ንገሩኝ

ድሬስደን_ሦስተኛ_ዓመት፦
እህቴ መጀመሪያ ኢንሹራንሱን እንዳትነኪው!! ከመንግስቱ ወጥተሽ ፕራይቬት ከገባሽ ያንን ትምህርት እስክትጨርሺ መመለስ አይቻልም፣ ለመውጣትም ጊዜ ያለሽ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ብቻ ነው። ፕራይቬት ላይ ደግሞ ሐኪም ጋ ስትሄጂ አብዛኛውን ጊዜ ከኪስሽ ከፍለሽ ደረሰኝ ልከሽ ነው የምታስመልሺው። አብሮኝ የተማረ ልጅ ርካሽ ነው ብሎ ገብቶ ጥርሱን ሲታመም ያየውን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ውሉ ላይ ጥርስ የሚባል ነገር የለም፣ በስተመጨረሻ ተበድሮ ነው የታከመው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ገንዘብሽን እየበላው ያለው ቡናም ምሳም አይደለም፣ ቤቱ ነው። ቡና ትተሽ በወር 30 ዩሮ ብታተርፊ ነው፣ ቤት ከቀየርሽ ግን 100 እና 150 ታተርፊያለሽ። ስቱደንተንቬርክ (የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት) ዶርም ተመዝግበሻል? ካልተመዘገብሽ ዛሬ ማታ ተመዝገቢ፣ ወረፋው ረጅም ነው ብለሽ አትተይው፣ መጋቢት እና መስከረም አካባቢ ሴሚስተር ሲያልቅ ብዙ ሰው ይለቃል። እኔ 5 ወር ጠብቄ ነው ያገኘሁት፣ በየወሩ መጀመሪያ አጭር ኢሜይል እጽፍላቸው ነበር፣ አሁን መብራቱም ውሃውም ኢንተርኔቱም ገብቶበት 285 ነው የምከፍለው። እሱ እስኪደርስ ቬጌ፣ ማለትም ከሌሎች ጋር ተጋርተሽ የምትኖሪበት ቤት ፈልጊ፣ ከሰው ጋር መኖር መጀመሪያ ይከብዳል ግን ትለምጂዋለሽ።

የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ የሚል ደብዳቤ መጥቶልሻል? ቴሌቪዥን የለኝም ብለሽ እንዳትጥዪው፣ የሚከፈለው በቤት ነው፣ በወር 18.36። እኔ ጀርመንኛው አልገባኝም ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ከ8 ወር በኋላ ወደ 147 ዩሮ ተጠራቅሞ ከነቅጣቱ መጣብኝ፣ ያን ወር እንዴት እንዳለፍኩት እግዜር ነው የሚያውቀው። ስቱዲዮ ስትኖሪ ሙሉውን ብቻሽን ትከፍያለሽ፣ 4 ሆናችሁ ቬጌ ከኖራችሁ ግን ለቤቱ አንድ ሰው ይመዘገብና ለእያንዳንዳችሁ 4.59 ይደርሳችኋል

የሽሮ_ልጅ፦
የዳቦ በማርማላታው ነገር አሳዘነኝ፣ እንደዛ አትጎጂ እህት። ሜንዛ (የዩኒቨርሲቲው ካፌ) በተማሪ ካርድ ስትበዪ በ3 ዩሮ አካባቢ ትኩስ ምሳ ታገኛለሽ፣ ስጋ የሌለበት ደግሞ ይረክሳል።

ቤት ደግሞ የጾም ምግባችን ያወጣሻል በእውነት። ምስር ክክ፣ ሽንብራ፣ ሽንኩርቱን በ5 ኪሎ ከረጢት ከቱርክ ሱቅ ግዢ፣ ዘይትና ሩዝ ከአልዲ ወይ ከሊድል። በርበሬና ሽሮ ከቤት ሰው ሲመጣ ይላክልሽ፣ ቅቤ ግን በፍጹም እንዳታስልኪ፣ የወተትና የስጋ ነገር ከአውሮፓ ህብረት ውጪ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ኤርፖርት ይወስዱታል። እኔ ጨው የሌለውን ቅቤ እገዛና ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽ ጨምሬ ቀስ ባለ እሳት አነጥረዋለሁ፣ ኮሪደሩ በሙሉ እቤት እቤት ይሸታል። ጤፍ እዚህ ውድ ነው፣ ስለዚህ አንድ እጅ ጤፍ ሁለት እጅ የስንዴ ዱቄት አድርጌ አቦካለሁ፣ እርሾዬን በማርማላታ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ቅዳሜ በማይይዝ መጥበሻ እጋግራለሁ፣ ትንንሽ ነው የሚወጣው ግን አይን አለው!! ሦስት ልጆች ሆነን በየተራ ነው የምናበስለው፣ ብቻዬን ከማበስልበት ጊዜ በጣም ይሻላል።

የውሃ ፕላስቲክም እንዳትጥይ፣ ባዶውን ሱቅ ስትመልሺ ለአንዱ 25 ሳንቲም ይመልሱልሻል፣ እሁድ ደግሞ ሱፐርማርኬት ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ካልገዛሽ ባቡር ጣቢያ በውድ ትገዣለሽ

ኪያ_ፍራንክፈርት፦
ከላይ ያሉት በሙሉ ልክ ናቸው ግን መቆጠብ ብቻውን ልክ አለው፣ 992 ከየትም አይለጠጥም፣ ስራ ፈልጊ። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መስራት ተፈቅዷል፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓትም ይቻላል። ዝቅተኛው ክፍያ ከጥር 2026 ጀምሮ በሰዓት 13.90 ነው፣ ሚኒጆብ የሚሉትን ትንሽ የትርፍ ሰዓት ስራ ብቻ ብትይዢ እንኳ በወር እስከ 603 ታገኛለሽ። እኔ ሌሊት መጋዘን ስሰራ ሁለት ፈተና ወደቅኩ፣ ከዛ በኋላ ነው ፕሮፌሰሬን ቢሮው ሄጄ የጠየቅኩት። ሂቪ ይባላል፣ ፕሮፌሰር የሚረዳ ተማሪ ስራ ማለት ነው፣ እዛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፣ ሰዓቱ ከክላስ ጋር አይጋጭም። ፊት ለፊት ጠይቂ አትፈሪ።

ሌላ ነገር፣ የትራንስፖርት ቲኬት ለብቻው እየገዛሽ ነው እንዴ? 63 ዩሮውን ዶይችላንድቲኬት፣ አገሩን በሙሉ የሚያገለግለውን የወር ቲኬት ማለቴ ነው። ሴሚስተር ክፍያሽ ውስጥ ከተካተተ ሁለት ጊዜ እየከፈልሽ ነው

ሚሚ_ላይፕዚግ፦
አረ ኪያ!!! አሁን የሴሚስተር ደረሰኜን አውጥቼ አየሁት፣ ቲኬቱ ውስጡ አለ፣ እኔ ግን ከጥቅምት ጀምሮ በአፑ ለብቻው ስከፍል ነበር 😭 አሁኑኑ ሰርዤዋለሁ፣ ወሩ ከገባ 10ኛው ቀን ስላለፈ ግን የሚቀጥለውንም ወር ይቆርጣሉ አሉኝ። ዶርሙን ተመዝግቤያለሁ፣ ኢንሹራንሱን አልነካም። የሽሮ ልጅ፣ ስንዴውን ከጤፉ ጋር አንድ ላይ ነው የምታቦኪው ወይስ ማታ ነው የምትጨምሪው? ቅዳሜ ልሞክረው ነው

የሽሮ_ልጅ፦
ጤፉን ከእርሾው ጋር ሁለት ቀን ቀድመሽ አቡኪ፣ ስንዴውን አርብ ማታ ጨምሪ። ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ሳህኑን ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጪው፣ ላይ አይደለም አጠገቡ