የዕቅድ ውይይት፦ የእድራችን ዕቃ ቤት ለበረንዳ አዳሪዎችም ይከፈት

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የካራ ጎረቤቶቼ። ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባ ዋናው መንገድ ዳር ለሚያድሩት ሰዎች አንድ ነገር እናድርግ ብለን ነበር የተለያየነው። ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ አዘጋጅ ስለተባልኩ መነሻውን ላስቀምጥ። ለእንቁጣጣሽ ምሳ እናብላ፤ ብርድ ልብስም እናከፋፍል። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ ሞልቶናል፤ ለቅሶ ከሌለ አቧራ ለብሶ ነው የሚቀመጠው። ያላችሁን ጨምሩበት።

የወጣቶች ተወካይ፦ ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን የአንድ ቀን ምሳ ደስ የሚለው ለእኛ ነው፤ ለእነሱ ማግስቱ ያው ነው። ማታ ታክሲ ተራው ጋ ያሉትን ልጆች ጠጋ ብዬ አወራኋቸው። አንዱ «ብርድ ልብስማ በየበዓሉ ይሰጡናል፤ ቀን ቀን የት እናድርገው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጥቅልሉን አንጠልጥሎ ሲመጣ ያየ ሰው ዕቃ አያሸክመውም። ቱቦ ውስጥ ቢሸጉጠው ይሰረቃል፣ ካልሆነም ከቆሻሻ ጋር ይነሣል። ስለዚህ ይሸጠውና ይበላበታል፣ ማታ ማዳበሪያ ለብሶ ይተኛል። እኛ ደግሞ «ሰጠናቸው፣ ሸጡት» ብለን እናማለን።

ንብረት ክፍል፦ እንዲህ ከሆነማ ዕቃ ቤታችን ምን ሊሠራ ነው? ድንኳኑን ወደ አንድ ጥግ ብንደረድረው አንደኛው ግድግዳ እንዳለ ባዶ ነው፤ መደርደሪያ ይሠራበት። ብርድ ልብሳቸውን ጠዋት 12፡30 ላይ እረከባለሁ፣ ማታ 1፡00 ላይ አስረክባለሁ። ጡረተኛ ነኝ፤ ቤቴም እዚያው አጠገብ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር የተጻፈበት ማዳበሪያ ይኑረው። አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ቅማል ድንኳኑ ውስጥ ከገባ ለቀስተኛው ሁሉ እያከከ ነው ቤቱ የሚገባው። ይኼን ማን ይመልስልኝ?

ነርሷ አባል፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። የልብስ ቅማል ማሳከክ ብቻ አይደለም፤ ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት ያስተላልፋል። በተለይ በክረምት፣ ሰው ተፋፍጎ ሲያድር ይብሳል። ደግነቱ ይኼ ቅማል የሚኖረው ልብሱ ስፌት ውስጥ ነው፤ ገላ ላይ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ነው። ስለዚህ ብርድ ልብሱ በፈላ ውኃ ከተዘፈዘፈ ይሞታል። የለቅሶው ትልቅ በርሜል አለ አይደል? ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃ እናፍላበት። ትኩሳት ያለበትን ሰው እኔ ጤና ጣቢያ አደርሳለሁ፤ የካርድ ማውጫውን እድሩ ይቻል።

ገንዘብ ያዥ፦ እዚህ ጋ ላቁማችሁ። እድሩ ከየት አምጥቶ ይቻል? መተዳደሪያ ደንባችን ገንዘቡ ለቀብርና ለለቅሶ ነው ይላል። ነገ አንዱ ተነሥቶ «የእናቴን የንፍሮ ገንዘብ ለማን በተናችሁት?» ቢለኝ ምን ልመልስ ነው? የፈለገ በወር 20 ብር ያዋጣ፣ ደረሰኙም ለብቻው ይሁን። ደግሞ በሩ አንዴ ከተከፈተ ከላምበረት መናኸሪያ ጀምሮ ያለው ሁሉ እኛ ላይ ይወርዳል።

ሐጂ፦ ደረሰኙ ለብቻው ይሁን መባሉን ወድጄዋለሁ፤ ለእኛም ያስፈልገናል። ዘካ ለማን እንደሚሰጥ ቁርኣኑ ራሱ ለይቶ አስቀምጦታል፣ ስምንት ወገን ነው (9፥60)። ድሃው አለ፣ ምስኪኑ አለ፣ መንገደኛው አለ፤ መደርደሪያ የለም። ለመደርደሪያው ሰደቃዬን እሰጣለሁ። ሰው ይወርድብናል ለተባለው ግን፣ አንድ ብርድ ልብስ ለማስቀመጥ ብሎ ከላምበረት ካራ ጠዋት ማታ የሚመላለስ ያለ አይመስለኝም። ምሳው የሚኖር ከሆነ ሥጋ ይቅር። ግማሹ የእናንተን እርድ አይበላ፣ ግማሹ የእኛን። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሽሮና ምስር ከሆነ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል።

የሴቶች ክፍል፦ ሐጂ፣ አፌ ላይ የነበረውን ነው የነጠቁኝ! ምግብ በየቀኑ ማቅረቡ ግን አቅማችን አይደለም። ለዚያ ከተማ አስተዳደሩ የከፈታቸው የተስፋ ብርሃን ምገባ ማዕከላት አሉ። እኛ እዚያ ድረስ መሄድ ያቃተውን እንይ። ከድልድዩ ሥር ያሉትን አባባ ታውቋቸዋላችሁ፤ ቁስላቸውን በፌስታል ጠቅልለው በሲባጎ ያስሩታል። አረጋውያንን የሚያነሣው መቄዶንያ አያት ሰፈር ነው፣ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ቦታ እንዳላቸው እንጠይቅላቸው። በቅድሚያ ግን እሳቸውን። ሳይጠይቁ ጭኖ መውሰድ ነውር ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፦ ማቴዎስ 25፥35ን በሩ ላይ እንጻፈው። ማታ ሲረከቡም አጭር ትምህርት ቢሰጥ መልካም ነው።

የወጣቶች ተወካይ፦ ወንድሜ፣ በብርድ ተሰልፎ ቆሞ ስብከት? ጌታ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» አለ እንጂ «ሰብካችሁኛል» አላለም። ፎቶ ማንሣትም ይከልከል፤ ግራህ ቀኝህ የምትሠራውን አትወቅ ተብሏል።

የእድሩ ዳኛ፦ ሁላችሁም የዘነጋችሁት ነገር አለ። እኛ እድር ነን። ባለፈው ክረምት ያ ልጅ መንገድ ዳር ሞቶ ሲገኝ ስሙን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ፖሊስ አነሣው፣ ጠያቂ ሲጠፋ ማዘጋጃ ቀበረው። እናት ካለችው ዛሬም ስልኩን እየጠበቀች ይሆናል። ብርድ ልብሱን ስንረከብ መዝገብ መያዛችን አይቀርም። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ስሙን፣ የመጣበትን አገር፣ ሃይማኖቱንና የሚደወልለትን ዘመድ ያስመዝግብ። እድሜ ይስጠውና ከሞተ ደግሞ እንደማንኛችንም ድንኳን ይተከልለት። ወርኃዊ መዋጮም አንጠይቀው። ገንዘብ ያዣችን፣ ይኼ ከደንቡ አይወጣም፤ ቀብር ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ለቀብሩ እሺ። ሰው ሳይቀበር ሊቀር አይገባም።

የወጣቶች ተወካይ፦ በሕይወት እያለም ያ መዝገብ ይጠቅማል። ፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት ሰነድ ለሌለው ሰው ምስክር ይቆምለታል። መታወቂያ ከሌለህ ሥራም ቤትም የሚሰጥህ የለም። በየማለዳው የምናገኘው ሰው ከሆነ ለመመስከር አንቸገርም።

ጸሐፊ፦ ምሳው የኔ ሐሳብ ነበር፤ ከረቂቁ አውጥቼዋለሁ። የበሩን ጽሑፍም ትቼዋለሁ፤ በሩ የሐጂም በር ነው። አሁን እንዲህ ይላል፦ «እድሩ በአካባቢው ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች የመኝታ ዕቃ ቀን ቀን በዕቃ ቤቱ ያስቀምጣል፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ በፈላ ውኃ ያጥባል። ተረካቢው ሃይማኖቱ አይመረጥም፣ ፎቶ አይነሣም። በፈቃዱ የተመዘገበ ሰው ሲሞት እድሩ ለዘመዱ ያሳውቃል፣ በሃይማኖቱ ሥርዓት ይቀብረዋል። ለሕክምና፣ ለሳሙናና ለማገዶ የሚሆነው ከበጎ ፈቃድ መዋጮ ብቻ ይወጣል።» ኅዳርና ታኅሣሥ ካራ ላይ ብርዱ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ በፊት እንዲጀመር ጉባኤው በመስከረም ይወስን ብያለሁ። አናጺ የሆነ አባል ካለ ስለ መደርደሪያው ይደውልልኝ።

ንብረት ክፍል፦ ቁልፉ ሁለት ይሁን። እኔ ብታመም ማታ በር ላይ ቆመው እንዳይቀሩ፣ አንዱን ወጣቶቹ ይያዙት።

ገንዘብ ያዥ፦ «በጎ ፈቃድ» የምትለዋ ላይ ይሰመርበት።