የጎንደር ዝናብ በፉሪየር፦ የ6 ወሩ ጫፍ ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የጎንደርን ወርሃዊ የዝናብ መጠን ይዣለሁ፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ2000 እስከ 2019፣ 240 ወራት። በፓይተን ኤፍኤፍቲ (መረጃን በተለያየ ፍጥነት ወደሚመላለሱ ሞገዶች የሚለያይ የፉሪየር ስሌት) ሳሠራው ዜሮ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ጫፍ ወጣ፤ ከዚያ 20 ላይ (በ240 ወራት ውስጥ 20 ጊዜ የሚመላለስ፣ ማለትም የ12 ወር ሞገድ)፣ ቀጥሎ 40 ላይ። 240 ለ40 ሲካፈል 6 ወር ነው። አማካሪዬ «ታዲያ ጎንደር ሁለት የዝናብ ወቅት አላት ማለት ነው?» አሉኝ። እኛ የምናውቀው ክረምትን ነው። ደግሞ መረጃ የሌላቸው ጥቂት ወራት አሉ፤ ለጊዜው ዜሮ ሞልቼባቸዋለሁ። እባካችሁ እርዱኝ።

ደመና፦ እህቴ፣ ዜሮ ላይ ያለው አማካዩ ነው። ከሁሉም ወራት አጠቃላዩን አማካይ ቀንሰሽ እንደገና አስሊው፣ ይጠፋል። ባዶ ወራትን ግን በዜሮ አትሙያቸው። ሐምሌ ላይ ዜሮ ሲገባ ያልነበረ ድርቅ ይፈጠራል፤ ጫጫታውም (ትርጉም የሌለው መዛባት) በሁሉም ድግግሞሾች ላይ ይረጫል። ጥቂት ከሆኑ የዚያኑ ወር የብዙ ዓመት አማካይ አስገቢ፣ ጽሑፍሽም ላይ ግለጪው። ብዙ ከሆኑ ሎምብ ስካርግል የሚባለው ዘዴ ሳይፓይ በሚባለው የፓይተን የስሌት ጥቅል ውስጥ አለ፤ የጎደለ ወር አያስቸግረውም።

ሞገድ፦ ቁም ነገሩ የአማካሪሽ ጥያቄ ላይ ነው። የ6 ወር ጫፍ ብቻውን ለሁለት ወቅት ማስረጃ አይሆንም። የጎንደር ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይከመራል፣ በጋው ደረቅ ነው። ይህን ቅርጽ አንድ የ12 ወር ሞገድ ብቻውን አይሠራውም፤ ክረምቱን ያለልክ ያሰፋዋል፣ ጥር ላይ ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዜሮ በታች የሆነ ዝናብ የለም! የ6 ወሩ ሞገድ ሲደመርበት ሐምሌን ሽቅብ ይገፋል፣ ጥርን ከታች ያነሳል፣ ሚያዝያንና ጥቅምትን ዝቅ ያደርጋል። አንዱን ክረምት የሚያሾለው እሱ ነው።

60 ላይስ? እዚያም ጫፍ ካለ፣ በየ4 ወሩ የሚመጣ ወቅት አለ አትዪም መቼም። ለማነጻጸር የነጌሌ ቦረናን መረጃ ፈልጊ። እዚያ ዝናቡ በእርግጥም በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ የ40ው ጫፍ ከ20ው ጋር ሲወዳደር ምን ያህል እንደሚገዝፍ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ለአማካሪሽ ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አቅርቢላቸው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! 60 ላይም አለ፣ ከ40ው ያንሳል። ዜሮዎቹን በየወሩ አማካይ ስተካቸው ጫጫታውም ቀነሰ። የኤልኒኞን ተጽዕኖስ እዚሁ ላየው እችላለሁ?

ደመና፦ ኤልኒኞ ከ2 እስከ 7 ዓመት እየቆየ ነው የሚመላለሰው፤ ስለዚህ ከ3 እስከ 10 ባሉት ነጥቦች መካከል ነው የምትፈልጊው። መጀመሪያ ግን ከእያንዳንዱ ወር የዚያን ወር አማካይ ቀንሺ፣ አለዚያ የክረምቱ ጫፍ ይውጠዋል። በ20 ዓመት ውስጥ የ7 ዓመት ዑደት ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞላም፤ ጫፍ ብታገኚ በእሱ ላይ ብዙ አትገንቢ። እንደ 2015 ያለውን የኤልኒኞ ዓመት ለይተሽ ክረምቱን ከአማካዩ ጋር ብታወዳድሪ ይሻልሻል።