ሱፐርማርኬት ላይ አስተያየት ጽፎ መልስ ያገኘ ሰው አለ?

ሰልፍ_የሰለቻት

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት የገጠመኝን ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

የልብስ ሳሙና ልገዛ ገባሁ። መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ቅናሽ የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ሁለት አንስቼ ጋሪ ውስጥ ከተትኩ፣ ሌላም ሌላም ጨመርኩና ሰልፍ ያዝኩ። ካሸሯ ጢጥ ጢጥ እያደረገች አሳለፈችው፣ ከፈልኩ፣ በር ላይ ስደርስ ደረሰኙን አየሁት። ሳሙናው በሙሉ ዋጋው ነው የተመታው!

ተመለስኩ። «እህቴ፣ መደርደሪያው ላይ እኮ ሌላ ዋጋ ነው ያለው» አልኳት። ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ሲስተሙ የሚለው ይሄን ነው» አለችኝ። ሄደሽ እዪው ብላት፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ላምጣልሽ ብላት፣ ያው ሲስተሙ ነው። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ሲተነፍስ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። በመጨረሻ «ከፈለግሽ መልሺው» ብላ ሳሙናውን ወደኔ ገፋ አደረገችው። ልዩነቷ እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም፣ ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት ልታታልል እንደመጣች ሴት መቆሜ አንገበገበኝ።

ደረሰኙ ግርጌ «ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡናል?» የሚል ነገር ነበረው። መኪና ውስጥ ገብቼ ንዴቴ ሳይበርድ 2 ሰጠኋቸው። አስተያየት መጻፊያው ላይ ደግሞ «አሳፋሪ አገልግሎት» ብዬ ላክሁ።

ጥያቄዬ፦ ይሄን ነገር የሚያነበው ሰው አለ? ወይስ እንዲወጣልን ብለው ነው ያስቀመጡልን?

ዝም_ባይ

የሚያነበው የለም ባይ ነኝ። እኔ በምገዛበት ቦታ መውጫው ጋ የአስተያየት ሳጥን ተሰቅሏል። አንድ ቀን ወረቀት ልከት ስጠጋ ቁልፉን አየሁት። ዝጓል፣ ሸረሪት አድርቶበታል። ከዚያ በኋላ ወረቀትም አልጻፍኩ፣ ቁጥርም አልሰጠሁ። ካልተመቸኝ ሌላ ጋ እሄዳለሁ፣ በቃ።

የድሮ_ካሸር

እህቴ፣ ቀና ብላ ያላየችሽ ጥፋቷ ነው፣ እሱን አልከራከርልሽም። ግን «ሲስተሙ ነው» ያለችሽ እውነቷን ነው። ካሳ ላይ (ሂሳብ መቀበያው ጋ) 6 ዓመት ተቀምጫለሁ፣ የሚሆነውን ልንገርሽ።

ባርኮዱ ላይ ዋጋ የሚባል ነገር የለም። ቁጥር ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ 13 አሃዝ። ማሽኑ ቁጥሩን ያነባል፣ ዋጋውን ከሱቁ ኮምፒውተር ይጠይቃል፣ የተነገረውን ይመታል። መደርደሪያው ላይ ያለው ወረቀት ደግሞ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሰዓት፣ በእጁ የለጠፈው ነው። ድሮ ባርኮድ ሳይመጣ ዋጋው እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ይለጠፍ ነበር፣ ካሸሩ ያነበበውን ይመታል። ሱፐርማርኬት ውስጥ የመጀመሪያው ዕቃ ዛሬ በምናውቀው ዓይነት ባርኮድ የተሸጠው እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 ነው፣ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ትሮይ በምትባል ከተማ። አንድ እሽግ ማስቲካ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ሁለት ቦታ ሆነ፤ አንዱ ወረቀት ላይ፣ አንዱ ኮምፒውተር ውስጥ። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሰው ካልዞረ ያንቺ ዓይነት ነገር ይመጣል።

ካሸሯ ለምን ዝም ብላ አላስተካከለችልሽም? አትችልማ። እኔ በሠራሁበት ቦታ የተመታ ዕቃ ለመሰረዝ የሱፐርቫይዘር ቁልፍ ያስፈልጋል። ደወል ትጫኛለሽ፣ ከላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሱፐርቫይዘሩ መጋዘን ነው ወይ ስልክ ላይ ነው፣ ሰልፉ ደግሞ ይረዝማል። ስንት እንዳሰረዝሽም ወር ሲያልቅ በስምሽ ተጽፎ ይመጣል። ብዙ ካሰረዝሽ ትጠየቂያለሽ። ስለዚህ አዲስ የሆነች ልጅ መብራቱን ከምታበራ ከደንበኛ ጋር መጣላት ይቀላታል። ልክ ነው አላልኩም፣ ይቀላታል ነው ያልኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ደረሰኙ ላይ የካሳው ቁጥርና የካሸሯ መለያ አለ። ያ የሰጠሽው 2 ነጥብ፣ ወረቀቱን ሳያነሳ የረሳው ሰውዬ ጋ አይደርስም። የሚደርሰው እሷ ጋ ነው።

ሚዛን_ላይ

ትንሽ እርማት፣ የድሮ ካሸር አይቆጣኝ። ባርኮድ ዋጋ የለውም ያልከው ከፋብሪካ ታሽጎ ለሚመጣ ዕቃ ነው። ሱቁ ውስጥ ተመዝኖ የሚለጠፍበት ግን ለየት ይላል። የሱ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ2 ይጀምራል፣ ክብደቱ ወይም ዋጋው ራሱ ባርኮዱ ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ ስህተት ካለ ሚዛኑ ጋ ነው የተሠራው፣ ካሸር ጋ ሄዳችሁ ብትጮሁ የሚገኝ ነገር የለም። መያዣ ዕቃው አብሮ ተመዝኖ እንደሆነም እዩ፣ እኔ ሁለቴ ተበልቻለሁ።

የፈረቃ_ኃላፊ

እኔ በሌላ በኩል ያለሁ ነኝ፣ አስተያየቶቹን የማነበው እኔ ነኝ። አዎ እናነባለን። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቁጥሩና ጽሑፉ ሁለት የተለያየ ቦታ ነው የሚሄዱት።

ከ0 እስከ 10 የሚለው ጥያቄ፣ በተለይ «ለወዳጅዎ ይመክሩታል ወይ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ፍሬድ ራይክሄልድ የሚባል አሜሪካዊ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቀው ነው። አቆጣጠሩ ለሰው ግራ ነው። 9 እና 10 የሰጠ ወዳጅ ይባላል። 7 እና 8 የሰጠ ከወዳጅም ከተቃዋሚም አይመደብም። ከ6 በታች ያለው በሙሉ፣ 6 ራሱም ጭምር፣ ተቃዋሚ ነው። ከወዳጆቹ ፐርሰንት የተቃዋሚዎቹ ይቀነስና አንድ ቁጥር ትወጣለች፣ ያቺ ቁጥር ወደ ላይ ትላካለች። ስለዚህ «ደህና ናቸው፣ አልከፋኝም» ብላችሁ 6 የምትሰጡ ደግ ሰዎች፣ እኛ ጋ 0 ከሰጠው ሰው እኩል ናችሁ። ይሄንን ሳውቅ እኔ ራሴ ስንት ቦታ 6 እንደሰጠሁ አስቤ ደነገጥኩ።

ጽሑፉ ግን እኛው ጋ ይቀራል። «አሳፋሪ አገልግሎት» የሚል በቀን ስንት ይመጣል መሰላችሁ። አነባለሁ፣ አዝናለሁ፣ ከዚያ ምን ላድርገው? ማን ጋ ልሂድበት? የትኛው ካሳ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ዕቃ?

ባለፈው አንዱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ከበሩ ሲገባ በግራ በኩል ያለው የወተት ፍሪጅ፣ ሁለተኛው በር አይገጥምም፣ ታችኛው ረድፍ ላይ ያለው ወተት ለብ ብሏል፣ ማክሰኞም ሐሙስም እንደዛው ነው።» ስድብ የለው፣ ቁጣ የለው። ያንን አንብቤ ተነስቼ ሄድኩ። የበሩ ጎማ ከታች በኩል በጣት ስፋት ተልጧል። ወተት 4 እና 5 ዲግሪ አካባቢ ነው መቀመጥ ያለበት፣ እዚያ ታች ቴርሞሜትሩን ሳስቀምጠው 11 አለኝ። የላይኛው ረድፍ ጤነኛ ስለሆነ በየጠዋቱ የሚመዘግበው ልጅ አያየውም ነበር፣ ቴርሞሜትሩ ከላይ በኩል ነዋ የሚሰቀለው። ወተቱን በሙሉ አስነሳሁ፣ ጎማው በማግስቱ ተቀየረ። ሰውዬው ስልኩን ስላላስቀመጠ አመሰግናለሁ እንኳን አላልኩትም።

ስለዚህ እህቴ፣ ደረሰኙ ካልጠፋ ወስደሽ የደንበኛ አገልግሎት ጠረጴዛው ጋ ሂጂ። ካሳ ጋ አትመለሺ፣ ሰልፍ ፊት ማንም ሰው አስተካክሎ አያናግርሽም።

ሁሌ_የመጨረሻ

እኔ ደግሞ የምለው፣ የያዝኩት ሰልፍ ለምንድን ነው ሁሌ የሚዘገየው? እሱንም ቅሬታ ውስጥ አስገቡልኝ 😀

የድሮ_ካሸር

ሂሳብ ነው ወንድሜ። ሦስት ሰልፍ ካለ ያንተ ፈጣኑ የመሆን ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። ሁለቱን ጊዜ ጎረቤትህ ይቀድምሃል፣ የምታስታውሰውም እሱን ነው። አንድ ረጅም ሰልፍ ተሰልፎ ባዶ ወደሆነው ካሳ መሄድ ይሻላል፣ ግን ሰው ርዝመቱን ሲያይ ጋሪውን ጥሎ ይወጣል።

ሰልፍ_የሰለቻት

ተመልሼ መጣሁ፣ ዛሬ ሄጄ ነበር።

መጀመሪያ መደርደሪያው ጋ ሄድኩ፣ ቢጫው ወረቀት አሁንም አለ። ጎንበስ ብዬ በደንብ ሳየው ቀኝ ጥጉ ላይ ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ አለች፣ ቀን ናት። ቅናሹ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ኮምፒውተሩ በቀኑ ቀይሯል፣ ወረቀቱን ግን ያነሳ የለም። ፎቶ አንስቼ ከደረሰኙ ጋር ጠረጴዛው ጋ ወሰድኩ። አንድ ጎልማሳ ሰው ነበሩ፣ አንዴ አዩና «ልክ ነሽ ልጄ፣ ስህተቱ የኛ ነው» ብለው ልዩነቱን መለሱልኝ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። እሳቸውም ሄደው ወረቀቱን ላጡት፣ ከጎኑ ሌሎች አራት ያለፈባቸው አገኙ።

ካሸሯም ነበረች። አየችኝ፣ ዓይኗን ሰበረች፣ ጢጥ ጢጧን ቀጠለች። እኔም ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ወጣሁ።

የፈረቃ ኃላፊ፣ ካለህ መልስልኝ። ያን የሰጠሁትን 2 መቀየር ይቻላል?

የፈረቃ_ኃላፊ

አንዴ ከተላከ አይቀየርም። የደረሰኙን ቁጥር ጠቅሰሽ ግን በጽሑፍ «ጥፋቱ የወረቀቱ እንጂ የካሸሯ አልነበረም» ብለሽ መላክ ትችያለሽ። ያንን ኃላፊዋ ያነበዋል።

ሰልፍ_የሰለቻት

ቀና ብላ አላየችኝም የሚለውንስ ልተወው?

የድሮ_ካሸር

እሱን ጻፊው 😀