ኮምቦልቻ ነኝ፤ የ5 ዓመት ልጄን ማን ይዞልኝ ሥራ ልግባ? (ሴሬብራል ፓልሲና የሚጥል በሽታ)

ጥያቄ፦ እናት ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሚያዝያ ላይ 5 ዓመት ሞልቶታል። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር፤ ሲወለድም አላለቀሰም። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት መቀመጥ ሲያቅተው ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ «ሴሬብራል ፓልሲ ነው፣ ሲወለድ አእምሮው አየር አጥሮት ተጎድቷል» አሉኝ። ከ3 ዓመቱ ጀምሮ ደግሞ ይጥለዋል፤ ፌኖባርቢታል ይወስዳል። አፍ አልፈታም፣ ግን ሁሉን ይሰማል። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ሲደውል ገና ድምፁን ሲሰማ ሳቁ ቤቱን ይሞላዋል።

እስካሁን ስትይዝልኝ የኖረችው እናቴ ነበረች። ዘንድሮ አረፈች። እኔም ከስፌት ሥራዬ ቀረሁ። ሁለቴ ሠራተኛ ቀጠርኩ፤ ሁለቱም ሲጥለው አይተው በሳምንታቸው ሄዱ። ክብደቱ ደግሞ በርትቷል፣ ወገቤን ጨርሶኛል። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ አስተኝቼው ነው የቤት ሥራ የምሠራው። ባለፈው ለቅሶ ቤት ይዤው ሄጄ እዚያው ጣለው። አንዱ ክብሪት እየጫረ ያሸተዋል፣ አንዷ ማንኪያ አፉ ውስጥ ከተተች፣ ጥርሱ ተሸረፈ። ከዚያ ወዲህ ከቤት ይዤው አልወጣሁም። ዘመድ «ያደነዘዘው መድኃኒቱ ነው፣ ጣይውና ጸበል ውሰጂው» ይለኛል።

በዚህ ያለፋችሁ ምን አደረጋችሁ? ቢያንስ ግማሽ ቀን ሥራ እንድገባ ማን ይያዝልኝ?

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ደሴ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ አንገቱን ያቆማል? እግሮቹስ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ?

ጠያቂዋ፦

አንገቱን ለትንሽ ጊዜ ያቆማል፣ ሲደክመው ይወድቃል። እግሮቹ አዎ፣ ስሸከመው ግትር ብለው ይጠላለፋሉ። ዳይፐር ስቀይርለት ማላቀቅ ያቅተኛል።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ደሴ

እንግዲያው ቀኑን ሙሉ በጀርባው መተኛቱን ዛሬውኑ ቀይሪለት። የአእምሮው ጉዳት እየባሰ የሚሄድ አይደለም። የሚብሰው ጡንቻው ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ያጥራል፣ ዳሌውም ቦታውን ሊለቅ ይችላል። በጀርባው ሲሆን ጭንቅላቱን ወደ ኋላ እየገፋ ይገተራል። በጎኑ አስተኝተሽ በጉልበቶቹ መሃል ትራስ አድርጊለት፣ እጆቹ ከፊቱ ይገናኙ። በቀን ጥቂት ጊዜ አጠገቡ ሆነሽ ደረቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ አድርገሽ በሆዱ አስተኚው፤ አንገቱን የሚያጠነክርለት ይኸ ነው።

ስታነሺው ከብብቱ ይዘሽ አትጎትቺው። መጀመሪያ ወደ ጎን አዙሪው፣ ጉልበቶቹን እጠፊ፣ ከዚያ ወደ ደረትሽ አስጠግተሽ በጉልበትሽ ኃይል ተነሺ። ወገብሽም የሚተርፈው እንዲህ ነው። ስትሸከሚው እግሮቹ ወገብሽን ግራና ቀኝ ይክፈሉ። የእናቶቻችን አዝሎ መሸከም ለእግሩ ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን ለጀርባሽ ከብዷል።

ወንበሩን ለአናጺ አሠሪ። የክፍል ማዕዘን የመሰለ መደገፊያ ያለው፣ ትከሻውን ከሁለት ወገን ወደ ፊት የሚያቅፍ፣ በእግሮቹ መሃል ስፖንጅ የተጠቀለለበት አጭር ምሰሶ ያለው ይሁን። ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ቀጥ ባለ ማዕዘን ይታጠፉ፣ እግሩ አየር ላይ አይንጠልጠል። ለእንጨት አቅም ካጠረሽ ካርቶን ደራርበሽ በፈላ የዱቄት ማጣበቂያ እያጣበቅሽ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው፤ ከተጠነቀቁለት ልጅ ይችላል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታስቀምጪው።

መልስ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት፣ ደሴ

አብሽሪ እህቴ። የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ያለፈ ዓመት ነው ያነበብኩት። ለልጅሽ ማዕከል ፈልጌ አገኛለሁ ብለሽ ዓመት አትጠብቂ። እኔ ጠብቄ ነበር።

እኛ አሁን አምስት እናቶች ነን። የተዋወቅነው ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ወረፋ ላይ ነው። እዚያ የተቀመጠች እናት ሁሉ ያንቺኑ ጥያቄ ይዛ ነው የተቀመጠችው፣ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። እኔ አንዷን «ቤትሽ የት ነው?» ብዬ ጀመርኩ፤ ለካ ከኔ ሦስት ቤት ዝቅ ብላ ነበር የምትኖረው! ልጇን ከቤት አውጥታ ስለማታውቅ ነው ያላየኋት። ቀሪዎቹን የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አገናኘችን። ቤት ለቤት ስለምትዞር ማን ቤት ምን ልጅ እንዳለ ታውቃለች፤ አንቺም ከእሷ ጀምሪ።

ከዚያ ቅሬያችን (እድራችን) ዘንድ ሄድን። የቅሬው መሪ፣ ዳኛው፣ መጀመሪያ «ቅሬ እኮ ለሐዘን ነው» አሉን። እኔም «ጋሼ፣ ልጆቻችን ሲሞቱ ድንኳን ከምትጥሉልን በሕይወት ሳሉ እቃ ቤቱን አበድሩን» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ቁልፉን ሰጡን። ድንኳኑንና ወንበሩን ወደ አንድ ጥግ ገፍተን፣ ፍራሽ አንጥፈን፣ በሳምንት አራት ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ሁለት ሁለት እናት ተረኛ ሆነን እንይዛለን። በተራዋ የምትውል እናት ያን ቀን ሥራ አትገባም፣ የቀሩት ይገባሉ። ገንዘብ የለበትም፤ ለሳሙናና ለውኃ ብቻ እናዋጣለን።

ከስህተታችን የተማርነውን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ወር አንዷ ልጄን አስተኝታ አጥሚት ስታጠጣው አነቀው፤ ሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል አደርን። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፣ እኔ አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ልጅ ደብተር አለው፦ መድኃኒቱ ስንት ሰዓት፣ ስንት ፍሬ፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ እንዲበላ፣ እስኪውጥ ሌላ ማንኪያ እንዳይጨመርበት፤ ቀጭን ነገር ስለሚያንቀው ወፈር ያለ እንዲሰጠው፤ ሲያለቅስ የትኛው ልቅሶ ርሃብ፣ የትኛው ሕመም እንደሆነ። ሐኪሙም አንዴ አንብቦ አስተካክሎልናል። አዲስ እናት ስትመጣ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ልጇን ትታ አትሄድም፣ አብራን ትውላለች። የሚጥላቸው ልጆች ባሉበት ቀን አንዲት እናት ብቻዋን አትቀርም። ይኸን ሕግ ለማንም አናፈርስም።

የቅሬው ሴቶችም ተለውጠዋል። በፊት ልጄን ሲያዩ ልጆቻቸውን ይሰበስቡ ነበር። አሁን ቡና አፍልተው ይዘውልን ይመጣሉ፤ አንዷ ባልቴት ተረኛ ልሁን ብላ ራሷ ጠይቃናለች።

መልስ፦ ነርስ ነኝ፣ ወልድያ

ስለሚጥለው ብቻ ልጻፍ። ሲጥለው በጎኑ አዙሩት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ፍቱ፣ ሰዓት ያዙ። አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፦ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውኃም። እጅና እግሩን አትጫኑት። ክብሪት ፋይዳ የለውም። አብዛኛው መጣል በራሱ በአንድ ሁለት ደቂቃ ስለሚያቆም ያቆመው ክብሪቱ ይመስላል። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል።

እህቴ፣ አሁንም የሚጥለው መጠኑ አንሶት ሊሆን ይችላል። ፌኖባርቢታል ለልጅ የሚታዘዘው በክብደት ነው፤ ልጅሽ ከብዷል ብለሻል። መጠኑ መጨረሻ የተስተካከለው መቼ ነው? ሄደሽ አስመዝኝው። ሲጥለው በስልክሽ ቀርጸሽ ለሐኪሙ አሳዪ፤ ከመቶ ቃል ይሻለዋል። መደንዘዙንም ንገሪው፣ ሌላ መድኃኒት ሊቀይርልሽ ይችላል። በራስሽ ግን አንድ ቀንም አታቋርጪ። በድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መጣል ሊያስከትል ይችላል። ፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ የሁለት ሳምንት ያህል ሲቀርሽ መፈለግ ጀምሪ። በጤና መድን የምትታከሚ ከሆነ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳትይዢ አትሂጂ።

መልስ፦ አባትም ዲያቆንም ነኝ፣ ሐይቅ

ዘመዶችሽ ክፉ አስበው አይደለም። ግን ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ጸበልተኞች መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በይፋ ተናግረዋል። የእኔም ልጅ ጸበል ትጠመቃለች፣ ማታ ኪኒኗን ትውጣለች። ዘመድ ሲያስቸግርሽ የንስሐ አባትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ።

ባለቤትሽ የቅሬውን ዳኛ በስልክም ቢሆን ያናግር። የአባት ድምፅ ሲጨመር ጉዳዩ የሰፈሩ ይሆናል።

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት መምህርት

ከአሁኑ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቢው፤ ልዩ ፍላጎት ክፍል ወይም የግብዓት ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። «አንቀበልም» ካሉሽ በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይናገራል፤ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ለገዛ ልጃቸው ቦታ ሲያጡ ነበር። እናት የጀመረችው ነገር ሲሰፋ አይቻለሁ።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

ዊልቸር ልላክ እያልኩ ነበር፣ ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ስለ ወንበሩ ያሉት ልክ ነው። ለአዋቂ የተሠራ ሰፊ ዊልቸር የልጅን ወገብ ያጎብጣል። ልኩን ባለሙያው ከጻፉልን ያንኑ ወንበር እዚያው ለማሠራት በዚህ ያለን ሰዎች እናዋጣለን።

ጠያቂዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህም ይስጣችሁ። ልጄን አስመዘንኩት፣ 16 ኪሎ ሆኗል። መድኃኒቱ የታዘዘለት 11 ኪሎ ሳለ ነበር! ሐኪሙ አስተካክሎለታል፤ ከዚያ ወዲህ አንዴ ብቻ ነው የጣለው። አናጺው ወንበሩን ጨርሶታል፤ ትናንት ቁጭ ብሎ ስልክ ሲያይ ዋለ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሁለት እናቶች አገናኝታኛለች፣ አንዷ ጀርባችን ናት። ባለቤቴ ከሚሌ ደውሎ የቅሬውን ዳኛ አናግሯቸዋል፤ እሁድ ከስብሰባ በኋላ ጠርተውናል።

የደሴዋ እህቴ፣ የደብተራችሁን አንድ ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። እሁድ ለእነሱ ማሳየት እፈልጋለሁ።