ለእናቴ የሚጠጣ ሞርፊን ከየት ላግኝ?

ሰላም ወገኖቼ። እናቴ የምግብ ቧንቧ ካንሰር አለባት። ያለነው አርሲ፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ ነው። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤት አስታሟት» ብለው ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ እንክብል ሰጥተው ሸኙን። እሷ ግን ውሃ እንኳ በማንኪያ ነው የምትውጠው፤ እንክብሉ አያልፍላትም። ሌሊት እኛን ላለመቀስቀስ የጋቢዋን ጫፍ ነክሳ ታቃስታለች። እኔ አልተኛሁም እኮ።

ሞርፊን የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ በየ4 ሰዓቱ የሚጠጣ ፈሳሽ እንዳለው ሰምቻለሁ። የዞርኩባቸው ፋርማሲዎች ግን የለም አሉኝ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት ቤት ድረስ እየሄደ እንደሚያስታምም አውቃለሁ፤ እሱ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ እሷ ደግሞ መኪና አትችልም። የሕክምና ወረቀቷን ይዤ ብቻዬን ብሄድ ያስተናግዱኛል? አሰላ አካባቢ ሞርፊን የሚያዝ ሐኪም የምታውቁስ? ዘመድ ሁሉ «ሱስ ያስይዛታል» እያለ አስፈራርቶኛል። ነርስ የሆናችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።