ተሰርቆ የተገኘ መኪና፦ ሊብሬው ላይ ይጻፍ ወይስ ይቅር?

ባለጥያቄዋ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። የሚኒባስ ግፊያው ሰልችቶኝ ቪትዝ ፍለጋ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አሁን አንድ ተገኘ። ዋጋው ከሌሎቹ 200 ሺህ ብር ይወርዳል። ለምን ረከሰ ብል ደላላው ዝም። ባለቤቱ ግን እውነቱን ነገረኝ፦ አዲስ አበባ ተሰርቆበት ከሦስት ወር በኋላ ነው የተገኘው። ሊብሬው ላይ ግን ስለዚህ አንዲት ቃል የለም። አሜሪካ ያለችው እህቴ "እዚህ ቢሆን ወረቀቱ ላይ ይጻፍ ነበር" አለችኝ። እኛስ ጋ ለምን አይጻፍም?

ደላላው፦ እህቴ፣ ተገኘ አይደል? ዶሮሽ ተሰርቃ ብትመለስ እንቁላሏ ይጎመዝዛል? የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ያለው ያገለገለ ላይ ነው። በየሊብሬው ታሪክ ይጻፍ ማለት የሰው እንጀራ መዝጋት ነው።

መካኒኩ፦ ዶሮዋ ሌባው ቤት ምን እንደበላች በምን ታውቃለህ ወንድሜ? አንዷን ልንገራችሁ። ኮፈኑን ስከፍት ያብረቀርቃል። ታጥቧል፣ ተወልውሏል። ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ስፈታ ግን የማስነሻው ገመድ ተቆርጦ፣ በጣት ተጠምዝዞ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ አገኘሁት። ፌስታል! ሰውየው ልጆቹን ጭኖ ሐይቅ ድረስ ይመላለስበት ነበር።

ፖሊስ ግቢ በኤግዚቢትነት የከረመም አለ። ጎማው ተሰንጥቋል፣ ባትሪው ሞቷል፣ አይጥ ገመድ በልቷል። ሌባ ያላበላሸውን መቆም ያበላሸዋል።

ስለዚህ እህቴ፣ የሻንሲ ቁጥሩን በዓይንሽ ብቻ አትይው፣ በጣትሽ ዳሺው። ስቱኮ ወይም አዲስ ቀለም ካለ ጣት ያውቃል። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዪው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ ቁጥሩ እንደ ኤስሲፒ ባሉ ፊደላት ጀምሮ አጠር ይላል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ግን ፊደልና ቁጥሩ ተደምሮ 17 ነው። ከዚያ ከኮምቦልቻ ተነስተሽ ሐረጎን አስወጪው። እዚያ ዳገት ላይ መኪና ራሱ ይናዘዛል። የሙቀት መርፌውን እያየሽ ውጪ።

የኮምቦልቻ ልጅ (ከቨርጂኒያ)፦ አሜሪካንም አታካብዱት። እዚህ መኪና ተሰርቆ በጊዜው ካልተገኘ መድን ድርጅቱ ለባለቤቱ ይከፍላል። በኋላ ሲገኝ መኪናው የመድኑ ነው፣ በጨረታ ይሸጠዋል። በብዙ ቦታ ወረቀቱ ላይ "ሳልቬጅ" (ከጉዳት የተረፈ እንደማለት) ይባላል፤ ሕጉ ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል። ችግሩ መስታወቱ ብቻ የተሰበረውም፣ አጥንቱ እስኪቀር የተፈታውም በአንድ ቃል መጠራታቸው ነው። እኔ አንዱን ገዝቼ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ፣ አብሽሪ። ስሸጠው ግን ገዢ ሁሉ ቃሏን እያየ ሸሸኝ። ከተጻፈ ምን እንደተጎዳም አብሮ ይጻፍ።

ባለፒካፑ (ኮምቦልቻ)፦ እኔ አልስማማም። በ2014 ጥቅምት ከተሞቻችን ሲያዙ ፒካፔ ተወሰደ። ከወራት በኋላ ተጎትቶ መጣ። መቀመጫ የለው፣ ራዲያተር የለው። የቀረኝን ገንዘብ ሁሉ ጨምሬ ነው ያሠራሁት። አሁን ሊብሬዬ ላይ "የተሰረቀ" ብላችሁ ስታትሙብኝ ሁለቴ ተዘረፍኩ ማለት አይደል? በወሎ እንደኔ ያለው ስንት ነው?

ባለጥያቄዋ፦ ጋሼ፣ የእርስዎስ ያሳዝናል። ግን ሳያውቅ የሚገዛው ሰውስ?

ባለፒካፑ፦ ይጠይቀኝ። እነግረዋለሁ።

መካኒኩ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ይናገራሉ። ከእርስዎ የገዛው ሰው መልሶ ሲሸጥስ ይናገራል?

የሕግ ሰው፦ ስለ ገመድና ስለ ራዲያተር ስትከራከሩ ዋናው ተረሳ። መኪናው የማን ነው? ሲጠፋ መድን ካሳ ከፍሎ ከነበረ፣ ሲገኝ የመድኑ ነው፤ ይህ ሰው ሊሸጠው አይችልም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የተሰረቀበት ባለቤት ንብረቱን በቅን ልቦና ከገዛ ሰው እጅ እንኳ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ፖሊስ መኪናውን ለባለቤቱ የመለሰበትን ደብዳቤ ጠይቂ። መድን ነበረው? ካሳ አለመክፈሉን የሚገልጽ ወረቀት ያምጣ። ውል ከመፈረምሽ በፊት ከዕዳና ዕገዳ ነፃ መሆኑን አጣሪ። እንደኔ ሊብሬው ላይ ከሚታተም ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ ገዢ ሲጠይቅ ይታይ።

መካኒኩ፦ ፋይል! አንድ ፋይል ለማየት ስንት ቀን እንደሚያመላልሱ እያወቅህ? ሊብሬ በኪስ ነው።

ባለጥያቄዋ፦ ዛሬ ሄድን። የፖሊሱን ደብዳቤ አሳየኝ። ሦስተኛ ወገን እንጂ የስርቆት መድን አልነበረውም፤ እሱንም በጽሑፍ ሊያመጣ ተስማማ። ሐረጎን ሳይንገዳገድ ወጣ። ከመሪው ሥር ይፈታ ስል ደላላው "ፕላስቲኩ ይሰበራል" ብሎ ተቆጣ። ባለቤቱ ራሱ መፍቻ አቀበለኝ። ገመዱ ተበይዷል፣ በፌስታል ሳይሆን በደህና ቴፕ ተጠቅልሏል። ይህን ሁሉ ባይነግረኝ ኖሮ ግን በምን አውቅ ነበር? ስለዚህ ይጻፍ ባይ ነኝ። 30 ሺህ ደግሞ አስቀንሼዋለሁ።

ደላላው፦ ኮሚሽኔ ከቀነሰው ላይ አይታሰብም፣ እንዳንጣላ።