የሱዙኪ ቲኤስ 185 የኋላ ሾክ ዘይት ይጥላል፤ ይከፈታል ወይስ አዲስ ልግዛ?

የድሬ ልጅ 185፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሬ ሱዙኪ ቲኤስ 185 ነው፤ አሮጌው፣ ባለ ሁለት ሾኩ። አጎቴ የእንስሳት ሐኪም ስለነበር ገጠር ለገጠር ሲዞርበት ኖሯል። አሁን እኔ እጅ ነው፤ ልሸጠውም አልፈልግም። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ሰው ጭኜ ደንገጎን ሳያንገራግር ይወጣል። ያስቸገረኝ የኋላ ሾክ ነው።

የግራው ዘንግ ዘይት ያልበዋል። ሽንሌ ደርሼ ስመለስ አሸዋው ተለጥፎበት ጭቃ ይሆናል። የቀኙ ደረቅ ነው። የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሳልፍ ኋላው አንዴ ወርዶ አይረጋም፤ ሦስት አራት ጊዜ ይዘላል። ባቢሌ ላይ አስፋልቱን ለቅቄ ኮረኮንች ከገባሁ ደግሞ፣ ሰው ከጫንኩ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል። ቀስ ብዬ ስሄድም ከኋላ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ አለ።

አንድ ጋራዥ «ቱቦውን በስተን 90 ዘይት፣ ወፍራሙን የካምቢዮ ዘይት፣ እንሞላውና በብየዳ እንዘጋዋለን» አሉኝ። ሌላው የባጃጅ ሾክ ልግጠምልህ አለኝ። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። አናቱ ላይ የሚፈታ ዳዶ አይታይም፤ የቱቦው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተዘጋ ነው። ከፍቶት የሚያውቅ ካለ በዝርዝር ያስረዳኝ።

ሳቢያን፦
አቦ አትድከም! አዲስ የቻይና ጥንድ ግዛ። ከቀለበቱ መሃል እስከ ቀለበቱ መሃል ያለውን ርዝመት ለካ፤ እሱ ከገጠመ አለቀ።

ቶርኖ መጋላ፦
ሳቢያን ወንድሜ፣ ርዝመት ቢገጥም አያልቅም። ዘንጉ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባም መለካት አለበት። ከመጀመሪያው ይልቅ ጠልቆ የሚገባ ከሆነ ጎማው ፓራፋንጎውን መምታቱ አይቀርም። የሞላው ጥንካሬም አለ። ለከተማ ሞተር የተሠራ ሞላ ቲኤስን ሰው ተጭኖበት ኮረኮንች ላይ አይሸከመውም።

አሁን ወደ አንተ፣ የድሬ ልጅ። ብየዳውን እንዳታስበው። ዘይት ያለበት የተዘጋ ቱቦ ላይ እሳት የሚለቅ ሰው አጠገብም አትቁም። ይፈነዳል። ባይፈነዳ እንኳ ዘይቱን ያስወጣው ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘንጉን ዙሪያውን ይዞ ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ውስጥ እንዳለ ነው፤ የሞሉልህ ዘይት በዚያው በር ይወጣል።

ከመክፈትህ በፊት ግን ሾኩ ብቻ መሆኑን አረጋግጥ። ሞተሩን ከሥሩ ደግፈህ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሳ። ሁለቱን ሾኮች ፍታ። ጎማውን የያዘውን ሹካ ከኋላ ጫፉ ጨብጠህ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ግፋው። ቀጭ ካለ የሹካው ቦኮላ (ሹካው የሚዞርበት የውስጥ ቀለበት) አልቋል፤ ሾክ ብትቀይር ድምፁ አይለቅህም። ቀጥሎ የሾኮቹን ቀለበት ጎሚኒ እይ። ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ከመሰለ የድምፁ ምንጭ እሱ ነው።

ከዚያ ሞላውን አውጣ፤ ብቻህን ግን አይሆንም። አንድ ሰው በደንብ ሲጫነው ሌላው አናቱ ላይ ያሉትን ሁለት ግማሽ ቀለበቶች ያነሳል። ፊታችሁን ከአናቱ አርቁ። ሞላው ከወጣ በኋላ ሾኩን ዘንጉ ወደ ላይ ሆኖ አቁመው፣ ዘንጉን እስከ መጨረሻው አስገባና ልቀቀው። በራሱ ተመልሶ ከወጣ ውስጡ የታመቀ ጋዝ አለ ማለት ነው፤ እዚያ ላይ አቁም፣ እንዳትነካው። ባለበት ከቀረ ቀስ እያልክ ደጋግመህ አውጣ፣ አስገባ። ጤነኛ ሾክ ሲገባ ይለግማል፤ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል። አቅጣጫ ስትቀይር ለጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ ከሆነ አየር ገብቷል፤ ዘይቱ ጎድሏል። በሁለቱም አቅጣጫ ምንም ካልያዘህ ወይ ዘይት የለም ወይ የፒስተኑ ቫልቭ አልቋል።

ከሁሉ በላይ ግን ፍርዱ ያለው ዘንጉ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ኦይል ሲሉን ይከስሳል። ጥፍርህን ዘንጉ ላይ ከላይ እስከ ታች ጎትት፣ ዞር እያደረግህ። የትም ካልያዘህ ሥራው ቀላል ነው። አንዲት የዝገት ጉድጓድ ጥፍርህን ካቆመች አዲሱን ኦይል ሲልም እሷ ትቆርጠዋለች። ይህን አድርግና ያገኘኸውን ጻፍ።

ሸዋ በር፦
ስለ 90 ዘይቱ ልጨምር። እኔ ሐረር ነኝ፤ የምነዳው ባለ ሁለት ሾክ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሾኩን 90 አስሞልቶት ነበር። ሐረር ላይ ጠዋት ስነሳ እንጨት ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነው። ዘይቱ በቫልቩ ማለፍ ስለማይችል ሾኩ አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም፤ ቀጣዩ ጉድጓድ እንደተጨማደደ ያገኘዋል። ድሬ ወርጄ ቀትር ላይ ደግሞ ሌላ ሞተር ይሆናል። አሁን ቁጥር 10 የፎርክ (የፊት ሾክ) ዘይት ነው ያለበት። እሱ ሲጠፋ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነው ኤቲኤፍ ይሠራል፤ ቅጥነቱ ይቀራረባል።

የድሬ ልጅ 185፦
ጋሼ ቶርኖ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት አደረግሁ። የሹካው ቦኮላ ደህና ነው፤ የቀለበቶቹ ጎሚኒዎች ግን አራቱም እንቁላል ሆነዋል። ጋዝ የለውም። የግራው ሲገባም ሲወጣም እንደ ብስክሌት ፓምፕ ነው፣ ምንም አይይዝም። የቀኙ ይይዛል፤ አቅጣጫ ሲቀየር ግን ትንሽ ባዶ አለው። ዘንጉን በተመለከተ፦ የቀኙ ለስላሳ ነው። የግራው ላይ ወደ ላይኛው ጫፍ ተጠጋግተው ጥፍር የሚያቆሙ ጉድጓዶች አሉ። በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ አይጠፋም?

ቶርኖ መጋላ፦
የሚታሸው ጭረት ነው፤ እሱም ቁጥር 1500 ወይም 2000 ወረቀት ዘይት ነክረህ፣ ዘንጉን ዙሪያውን እንጂ ከላይ ወደ ታች አይደለም። ጉድጓድ ግን ክሮሙን አልፎ ብረቱን በልቷል። ስታሸው ዙሪያውን ያለውን ክሮም ትጨርሳለህ እንጂ ጉድጓዱ አይሞላም። የግራው ዘንግ መቀየር አለበት። ጠንካራ ክሮም ከተቀባ የሃይድሮሊክ ዘንግ፣ ውፍረቱ እኩል የሆነ ተገኝቶ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ይወጣለታል። ድሬ ውስጥ ይህ አያቅትም። እኔ ቶርኖ ያስተማሩኝ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ወዲህ እዚህ ከተማ ብረት የሚቆርጥ እጅ ጠፍቶ አያውቅም።

የታጠፈው ጠርዝም ይከፈታል፤ በመጋዝ ግን አይደለም። ቶርኖ ላይ ታስሮ የታጠፈችው ከንፈር ብቻ በስሱ ትላጣለች። ከዚያ የቱቦው ውስጥ ጥርስ ይወጣለትና የሚፈታ ክዳን እንሠራለታለን። ከዚያ በኋላ ኦይል ሲል መቀየር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ኦይል ሲሉን ስትገዛ ሦስት ልክ ይዘህ ሂድ፦ የውስጡ ስፋት፣ የውጩ ስፋት፣ ውፍረቱ። ለባለሱቁ ለሚገባና ለሚወጣ ዘንግ መሆኑን ንገረው። ለሚዞር ዘንግ የተሠራው ልኩ ቢገጥምም ያን ግፊት ብዙ አይችልም። ሲገጠም ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ይዞራል። የዘንጉን ጥርስ በፕላስተር ጠቅልለህ ዘይት ቀብተህ አሳልፈው፤ አለበለዚያ ገና ሳይሠራ ጥርሱ ይቀደዋል።

ብዙ ሰው የማያስበው የዘይቱ መጠን ነው። እስከ አፉ መሙላት የሚመስለው አለ። ዘንጉ ሲገባ ቦታ ይይዛል፤ ዘይት ደግሞ አይጨመቅም። ለምሳሌ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ 80 ሚሊ ሜትር ቢገባ 9 ሲሲ ያህል ቦታ ይወስዳል። 18 ሲሲ አየር ትተህ ከሆነ አየሩ በግማሽ ይጨመቃል፣ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ ኦይል ሲሉ ይችለዋል። 10 ሲሲ ብቻ ከተውክ ግን 1 ሲሲ ይቀራል፣ ግፊቱ አሥር እጥፍ! የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ዘይቱ ሱሪህ ላይ ነው።

የድሬ ልጅ 185፦
ገብቶኛል። ዘይቱ ተሞልቶ ሞተሩ ላይ ከታሰረ በኋላ ሞላው ራሱ መድከሙን በምን አውቃለሁ?

ሸዋ በር፦
በሜትር። የኋላው ጎማ ተንጠልጥሎ ሳለ ከአክሱ እስከ ፓራፋንጎው ላይ ያደረግከው ምልክት ለካ። ከዚያ ጎማው መሬት ነክቶ እንደምትነዳው ተቀመጥበት፤ ሌላ ሰው ይለካልህ። ልዩነቱ ጎማው በጠቅላላ ከሚንቀሳቀሰው ሲሶ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ጎማው 120 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ከሆነ 40 አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ የሞላውን ማጥበቂያ ቀለበት አንድ እርከን ከፍ አድርግ። የመጨረሻው እርከን ላይም ደርሶ ከሰመጠ ሞላው ደክሟል።

የድሬ ልጅ 185፦
ተባረኪ እህቴ። ጋሼ ቶርኖ፣ ቅዳሜ የግራውን ይዤልዎት ልምጣ?

ቶርኖ መጋላ፦
ሁለቱንም አምጣ። የቀኙም አየር ገብቶበታል፤ ደግሞ አንዱ ጠንካራ አንዱ ልል ከሆነ ሹካውን ያጣምመዋል። የፒስተኑን ልክና የዘንጉን ርዝመት የምወስደውም ከቀኙ ነው። ስታመጣው ዘንጉን ወደ ላይ አቁመህ ያዘው፤ ባጃጅ ውስጥ እንዳታጋድመው። ጎሚኒዎቹን አውጥተህ ከመጣህ እግረ መንገዴን ቦኮላ እለካላቸዋለሁ።